ቦረና ላይ ሣር ልታጠኑ ለምትወርዱ

ለመመረቂያ ጽሑፍ ወይም ለፕሮጀክት ወደ ቦረና የሚወርዱ ልጆች አልፎ አልፎ ይደውሉልኛል። ብዙዎቹ የሚጠይቁኝ ስለ ናሙና ብዛትና ስለ ሶፍትዌር ነው። እሱ ይደረስበታል። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «መቼ ልሂድ?» የሚለው ነው። ለእያንዳንዱ በስልክ ከማወራ እዚህ ልጻፈው ብዬ ነው።

የቦረና ዝናብ የመሀል አገሩን ክረምት አይከተልም። ሐምሌና ነሐሴ አዲስ አበባ በጎርፍ ስትታጠብ እዚያ ቀዝቀዝ ያለ፣ ደመናማ፣ ግን ደረቅ ወቅት ነው። ዋናው ዝናብ ገንና ይባላል፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ድረስ ነው። ትንሹ ሀገያ ነው፤ ከመስከረም አጋማሽ በኋላ ጀምሮ እስከ ኅዳር ይዘልቃል። ከዓመቱ ዝናብ ከግማሽ በላይ የሚወርደው በገንና ነው።

የመሥሪያ ቤትና የዩኒቨርሲቲ ካላንደር ግን ይህን አያውቅም። ፕሮፖዛሉ ጸድቆ፣ በጀቱ ተለቆ፣ መኪና ተገኝቶ እስኪያልቅ የካቲት ይሆናል። በየካቲት የቦረና ዞን ከተማ ያቤሎ ብትደርሱ የሚጠብቃችሁ አፈር፣ እሾህና እስከ ጉቶው የተጋጠ ሣር ነው። አበባ የሌለው ሣር ደግሞ ማንነቱን በቀላሉ አይናገርም። ስለዚህ ተለማመጡም፣ ለመኑም፣ ዋናውን የመስክ ሥራ ዝናቡ ከገባ ከአምስት ስድስት ሳምንት በኋላ አድርጉት። በጥሩ ዓመት ግንቦት ማለት ነው። አቅም ካላችሁ በበጋ እዚያው ቦታ ተመለሱ። ግንቦት ላይ አረንጓዴ ሆኖ ካያችሁት ውስጥ ስንቱ የአንድ ወቅት ሣር እንደነበረ የሚጋለጠው ያኔ ነው። የአንድ ወቅቱ ብን ብሎ ይጠፋል። ለብዙ ዓመት የሚኖረው ግን ጉቶው መሬቱን እንደያዘ ይቆያል። የመሬቱ ጤና የሚለካው በዚያ ጉቶ ነው።

ዝናቡ ጭራሽ ላይመጣም ይችላል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈው የቦረና ሰው የከብቱን እልቂት አይቷል። በእንዲህ ያለ ጊዜ የሰበሰባችሁት መረጃ የድርቁን መልክ እንጂ የሣር ምድሩን መልክ አያሳይም። ሁለቱን አታምታቱ። ቅርብ ካለው የሜትሮሎጂ ጣቢያ የብዙ ዓመት የዝናብ መረጃ ጠይቁና ከዕፅዋት ሠንጠረዣችሁ ጎን አስቀምጡ። ያለሱ ማንም ሰው ቁጥራችሁን ማንበብ አይችልም።

ወረቀቱን በአጭሩ ልለፈው። ከተቋማችሁ ደብዳቤ ይዛችሁ ከዞን ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ቀበሌ ትወርዳላችሁ። አሰልቺ ነው፤ ግን አትዝለሉት። የዘር ናሙናና የአካባቢውን ሰው እውቀት የምትወስዱ ከሆነ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 482/1998 አለ። የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ እውቀት አወሳሰድን የሚመለከት ነው። ሳትወርዱ አንብቡት፤ ዘር ከአገር የሚወጣ ከሆነማ ግዴታ ነው።

አሁን ወደ ሜዳው። ኳድራት፣ ማለትም ውስጡ ያለውን ሣር የምትቆጥሩበትን አራት ማዕዘን ክፈፍ፣ ከመጣላችሁ በፊት ከአንድ የአገር ሽማግሌ ጋር ዝም ብላችሁ ተራመዱ። ጂፒኤስ የለ፣ ቅጽ የለ። ሰውዬው ከብት የጠበቁ፣ በፎራ የዞሩ ይሁኑ። ፎራ ማለት ደረቁ ከብት ከቤት ርቆ የሚሰማራበት ነው። የሚታለበው በመንደሩ ዙሪያ ይቀራል፤ እሱ ወራ ይባላል። ይህ ክፍፍል ራሱ የትኛው ሜዳ በየትኛው ወር ይጋጣል የሚለውን ይወስናል። ስለዚህ የናሙና ቦታ ስትመርጡ ካርታ ላይ የዘፈቀደ ነጥብ ከመርጨታችሁ በፊት የወራና የፎራ መሬትን ለዩ። ከኤላዎቹ፣ ማለትም ከጥልቅ የውሃ ጉድጓዶቹ፣ ያለውን ርቀትም መዝግቡ። ውሃ አጠገብ ያለውና የግማሽ ቀን መንገድ የራቀው ሜዳ የተለያየ ታሪክ አላቸው።

እኔ አብሬአቸው የዞርኳቸው ሽማግሌ አማርኛ ብዙም አይችሉም። አስተርጓሚያችን የመንደሩ ልጅ ነበር። ሁለታችንም «አባ» ነበር የምንላቸው። ጥቁር አፈር ላይ ደርሰን ወገብ ድረስ የቆመ ሣር ሳይ «ይሄ ቦታ ጥሩ ነው መሰለኝ» አልኩ። በዱላቸው ነካ አደረጉት።

«ላም ይሄን የምትነካው ሌላው ሲያልቅባት ነው» አሉ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ከሥሩ የተደበቀች፣ እስከ መሬት የተላጨች አንዲት ጉቶ በጣታቸው አሳዩኝ። «እሷን ነበር የፈለገችው። ያለው ሳይሆን የጎደለው ነው የሚነግርህ።»

ረጅሙ ሣር ኦጎንዲቾ የሚሉት ነው፤ በሳይንሱ ፔኒሴተም ሜዚያነም። ከጎለመሰ በኋላ ጠንካራ ነው፤ ከብት አይወደውም። የሽፋን መቶኛ፣ ማለትም ከመሬቱ ስንት በመቶው በሣር እንደተሸፈነ፣ ብቻ ብንሞላ ያ ቦታ አንደኛ ይወጣ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅጼ ላይ ሁለት አምድ ጨመርኩ፦ «ማን ይበላዋል?» እና «መቼ?»። እናንተም ጨምሩ። ለምትመክሩት ሰው ከሌላው ሁሉ የሚጠቅመው ያ ነው።

አፈሩን ካላያችሁ ዕፅዋቱ አይገባችሁም። በቀዩ አፈር ላይ መልካም ሣር የሚባሉት መታ ጉዴሳ፣ አላሎ እና ጋጉሮ ናቸው። በቅደም ተከተል ሴንክረስ ሲሊያሪስ፣ ክሪሶፖጎን አውቸሪ እና ቴሜዳ ትሪያንድራ ይባላሉ። ጥቁሩ፣ ቦረናዎች ኮቲቻ የሚሉት አፈር፣ ሲረጥብ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ኦጎንዲቾና ፉሌንሳ የተባለው ግራር የሚገናኙት እዚያ ነው። ሁለቱን አፈሮች በአንድ ከረጢት ከትታችሁ አማካይ ብታወጡ ውጤቱ የትም የሌለ ሜዳ ይሆናል።

ግጦሽ ሲበረታ አንዳንዱ ሣር ያፈገፍጋል፣ አንዳንዱ ይበዛል። ቀድመው ከሚያፈገፍጉት ውስጥ ከላይ የጠራኋቸው ሦስቱ አሉበት። ከሚበዙት ውስጥ አሪስቲዳዎችና ብዙዎቹ ስፖሮቦለሶች ይገኛሉ። የጤፍ ዘመድ የሆኑ ኤራግሮስቲሶችም አሉ። ሰርዶም በጣም በተረገጠ ቦታ፣ በበረት ዙሪያ፣ ይነግሣል። ይህን ሚዛን ከያዛችሁ ሜዳው ወዴት እየሄደ እንደሆነ ከአንድ ጉብኝትም ቢሆን መገመት ይቻላል።

ሣር ለመለየት ብዙ ሰው ይፈራል። አበባው ቀለም የለው፣ ቅጠሉ ሁሉ አንድ ይመስላል። መፍትሔው አሥር እጥፍ የምታጎላ የእጅ ሌንስና ትዕግሥት ነው። ቅጠሉን ከአገዳው በቀስታ ወደ ኋላ መልሱት። ቅጠሉ አገዳውን ጨብጦ ከሚለቅበት ቦታ ውስጡን እዩ። ስስ ሽፋን አለ? ወይስ የጸጉር መስመር? ወይስ ሽፋን ሆኖ ጫፉ ጸጉራም? ይህች ትንሽ ነገር ግማሹን ጥርጣሬ ታስወግዳለች።

መታ ጉዴሳን እንደ ምሳሌ ውሰዱ። የአበባው ራስ የቀበሮ ግልገል ጭራ ያህል ነው፤ ለስለስ ያለ፣ ወደ ሐምራዊ ወይም ቡናማ የሚያደላ። በሁለት ጣት ይዛችሁ ከታች ወደ ላይ ሳቡት። የበሰለ ከሆነ ፍሬዎቹ ከነጸጉራቸው ተለቅመው እጃችሁ ላይ ይቀራሉ። ባዶውን ዘንግ በሌንስ ብታዩት ቀጥ ያለ አይደለም፤ ወዲህ ወዲያ እየተጠማዘዘ ይወጣል። አሁን አንዷን ፍሬ ገልብጡ። በዙሪያዋ ያሉት ጸጉሮች ከሥራቸው ትንሽ ተጣብቀው ሳህን ነገር ሠርተዋል። ውስጠኞቹ ጸጉሮች ደግሞ ራሳቸው ጸጉር አላቸው። ይህን አንዴ ካያችሁ ከዚያ ወዲያ ከሩቅ ታውቁታላችሁ።

ሄቴሮፖጎን ኮንቶርተስ የተባለውን ሣር ለመለየት ግን ሌንስም አያስፈልግም፤ ካልሲያችሁ ይነግራችኋል። ጥቁር ረጃጅም ጭራዎቹ እርስ በርስ ተገምደው ይቆማሉ። ፍሬው ጫፉ እንደ መርፌ ነው። ጭራው ሲረጥብ ይፈታል፣ ሲደርቅ መልሶ ይገመዳል፤ በዚያው እየተሽከረከረ ፍሬውን አፈር ውስጥ ይቀብረዋል። አፈር ካጣ ሱሪያችሁም ይሆነዋል። ወፍራም ጂንስ ልበሱ።

የአገራችንን ሣሮች ለመለየት መነሻው የኢትዮጵያና ኤርትራ ዕፅዋት መድብል ሰባተኛ ቅጽ ነው። በ1995 እ.ኤ.አ. የታተመ ሲሆን ሙሉው ስለ ሣር ቤተሰብ ነው። ፎቶ ኮፒውን ይዛችሁ ውረዱ። ማታ ማታ ሎጁ ውስጥ፣ መብራት ካለ፣ የቀኑን ናሙና ከመለያ ቁልፉ ጋር ማመሳከር ከሁሉም ትምህርት በላይ ያስተምራል። የከበዳችሁን አራት ኪሎ ወዳለው ብሔራዊ ሄርባሪየም፣ የደረቁ ዕፅዋት ናሙናዎች ወደሚቀመጡበት፣ አምጡት።

ናሙና ስትይዙ ከነሥሩ ቆፍሩት። ያለ ሥሩ የአንድ ወቅት ይሁን የብዙ ዓመት መለየት ያስቸግራል። በጋዜጣ መሀል አድርጋችሁ ከምታደርቁበት መጭመቂያ የሚረዝመውን አትቁረጡ፤ አጥፋችሁ አስገቡት። ጋዜጣውን በየቀኑ ቀይሩ። ቦታውን፣ ከፍታውን፣ አፈሩን፣ ቀኑንና የአካባቢውን ስም እዚያው ሜዳ ላይ ጻፉ። ማታ እጽፋለሁ ያለ ሰው ማታ እንቅልፉን ነው የሚተኛው። ለክብደት የምታጭዱትን ደግሞ በወረቀት ከረጢት ያዙት። በፌስታል ካሰራችሁት በሁለት ቀን ይሻግታል። ላቦራቶሪ ሲደርስ በ65 ወይም በ70 ዲግሪ ለሁለት ቀን ታደርቁታላችሁ።

ስለ ሳይንሳዊ ስሞች አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። በ2005 እ.ኤ.አ. ቪየና ላይ በተደረገው ዓለም አቀፍ የዕፅዋት ጉባኤ አካሻ የሚለው ስም ለአውስትራሊያዎቹ ተሰጠ። የእኛዎቹ ግራሮች ቫቼሊያና ሴኔጋሊያ ተብለው ተከፈሉ። ፉሌንሳ አሁን ቫቼሊያ ድሬፓኖሎቢየም ነው። ሰጰንሳና ሐመሬሳ የሚባሉት ግራሮች ወደ ሴኔጋሊያ ገብተዋል። ፔኒሴተሞችንም ሴንክረስ ውስጥ የሚጨምሩ አሉ። የድሮ ዝርዝርና የእናንተን ስታዋህዱ አንዱን ተክል ሁለት አድርጋችሁ እንዳትቆጥሩ። የብዝኃ ሕይወት መጠኑ «ጨመረ» የሚል ሪፖርት በዚህ ምክንያት ሊወለድ ይችላል።

ወደ ጥበቃው ስመጣ አቋሜን ሳልደብቅ ልናገር። ደረቅ ሣር ምድር የተመነጠረ ደን አይደለም። ራሱን የቻለ ሥርዓት ነው። የሚበላው፣ የሚያቃጥለውና የሚያሳርፈው እጅ አብሮት የኖረ ነው። ያንን እጅ ሙሉ በሙሉ አውጥታችሁ በአጥር ብትዘጉት የምታገኙት የድሮውን ሜዳ አይደለም።

እሳቱን እንውሰድ። ቦረናዎች በየተወሰነ ዓመት ሜዳውን በደረቅ ወቅት ያቃጥሉ ነበር። እሳቱ የግራር ቡቃያውን ይለበልባል፣ መዥገሩን ይቀንሳል፣ ሣሩ ከጉቶው በአዲስ መልክ ይወጣል። በደርግ ጊዜ መጀመሪያ ግድም ማቃጠል በመንግሥት ተከለከለ። ከዚያ ወዲህ ቁጥቋጦው ሜዳውን እየወረሰ መጣ። ክልከላው ብቻውን አላመጣውም፤ ግጦሹ በርትቶ የሚቃጠል ሣር ራሱ ጠፍቷል፣ የእርሻና የሰፈራ መሬትም የከብቱን መንገድ አጥብቧል። ዛሬ እሳት ይፈቀድ ቢባል እንኳ በብዙ ቦታ እሳቱን የሚሸከም ደረቅ ሣር የለም። መጀመሪያ ማሳረፍ፣ ከዚያ ማቃጠል ነው ቅደም ተከተሉ።

ከሚወርሩት አንዱ ፉሌንሳ ነው። ስትቀርቡት ትዝናናላችሁ። አንዳንዱ እሾሁ ከሥሩ አብጦ ክብ ጥቁር ኳስ ይሆናል። ኳሱ ላይ ቀዳዳ አለ፤ ውስጡ ጉንዳን ይኖራል። ነፋስ ሲመጣ ቀዳዳዎቹ ያፏጫሉ። ቅርንጫፉን ብትነኩ ጉንዳኖቹ ግር ብለው ይወጣሉ። ዛፉን ከበሊታ የሚጠብቁት እነሱ ናቸው። በገጀራ ለቆረጠውም ሰው አይመለሱም። ደግሞም ቆርጦ መሄድ ከንቱ ነው፤ ከጉቶው ብዙ ቅርንጫፍ አውጥቶ ይመለሳል። ብዙ የቁጥቋጦ ምንጠራ ሥራ የሚከሽፈው እዚህ ላይ ነው። ለመቁረጡ አበል ይመደባል፤ ለሚቀጥለው ዓመት ክትትል ግን አይመደብም። የተቆረጠው ቦታ ላይ ፍየልና ግመል አስገብታችሁ ቡቃያውን ካላስበላችሁ፣ ወይም ሣሩ ሲያገግም እሳት ካልተከተለ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ የበለጠ ጥቅጥቅ ያለ ነው የምታገኙት። ሁሉንም ዛፍ አትጨርሱ ደግሞ። ከትላልቆቹ ግራሮች ጥላ ሥር ሣሩ ቆይቶ ነው የሚደርቀው።

ሜዳውን ለማሳረፍ ቦረናዎች ከሎ የሚሉት አላቸው። ጥጃና ደካማ ከብት ለበጋ የሚያገኘው ሣር እንዲኖር አንድ ሜዳ በእሾህ ታጥሮ በዝናቡ ወቅት ይተዋል። ከውጭ የመጣ ሐሳብ ስላልሆነ ይሠራል። አጥሩ የሚሠራው ከተቆረጠው ቁጥቋጦ ነው፤ በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ። እኔ ባየኋቸው ከሎዎች ውስጥ ጉቶው በሕይወት የነበረ ቦታ ማገገም የጀመረው ያለ ምንም ዘር መዝራት ነው። ስለዚህ ዘር ከመግዛታችሁ በፊት ተንበርክካችሁ ጉቶ ፈልጉ። ቆንጥጣችሁ እዩት፤ ውስጡ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ሕያው ነው።

ከሎ ችግር የለውም አልልም። በጋራ የታጠረና በግል የታጠረ አንድ አይደለም። አንዳንዱ አጥር ዛሬ ከሎ ይባላል፣ ነገ ይታረሳል፣ ከነገ ወዲያ የአንድ ሰው ርስት ይሆናል። የፎራ ከብት የሚያልፍበትን መንገድ የዘጋ ከሎም አይቻለሁ። ጥበቃ ብላችሁ ለማጠር ስትነሱ «ማን ይገባል? ማን ይከለከላል? ማነው የሚወስነው?» የሚለውን በሽማግሌዎቹ ስብሰባ ፊት አስጨርሱ። ይህን ፕሮጀክት ጽሕፈት ቤት ቁጭ ብሎ መወሰን ጠብ መጋበዝ ነው።

ለረጅም ዓመት ጨርሶ መዝጋትም ጥሩ አይደለም። ያልተነካ ጋጉሮ የአሮጌ ቅጠል ክምር ይይዛል፤ ግራጫ ይሆናል። ብርሃን ወደ ጉቶው አይደርስም፤ አዲስ ቡቃያ ያንሰዋል። ቀስ በቀስ ይሞታል። ወይ ጥርስ ወይ እሳት ይፈልጋል።

ስለ ችግኝም ይቺን ልበል። በክፍት ሣር ምድር ላይ ዛፍ ለመትከል ጉድጓድ ሲቆፈር ሳይ ሆዴ ይባባል። ተዳፋት ላይ፣ ደን በነበረበት፣ ትከሉ። ቦረና ሜዳ ላይ ግን ዛፍ የበዛበት ችግር እንጂ ያነሰበት የለም።

ምን ሊጠፋ እንደሚችል ለማየት ከፈለጋችሁ ከያቤሎ ወደ ምሥራቅ፣ ነገሌ ቦረና አጠገብ ያለውን የሊበን ሜዳ ሂዱና እዩ። እዚያ ሣር ውስጥ መሬት ላይ ጎጆዋን የምትሠራ አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ አለች። ከዓለም እጅግ ለመጥፋት ከተቃረቡት ወፎች አንዷ ናት። ሜዳው ታረሰ፣ ቁጥቋጦ ገባበት፣ የቀረው ሣር ደግሞ በግጦሽ አጠረ። ሣሩ ሲያጥር ጎጆዋ ይጋለጣል። እዚያም የተያዘው መፍትሔ ከመንደሩ ጋር ተስማምቶ ከሎ ማጠር ነው።

ጉቶ ከጠፋ፣ መሬቱ ባዶ ከሆነ፣ ያኔ ዘር ትዘራላችሁ። አፈር ውስጥ የተቀበረ ዘር አለ ብላችሁ አትመኩ፤ በተጎዳ ሜዳ ከአፈሩ የሚወጣው በአብዛኛው የአንድ ወቅት ሣርና አረም ነው። ዘሩን ከዚያው አካባቢ ከሎ ልቀሙ። የመታ ጉዴሳ ዘር እንደተለቀመ ብትዘሩት አብዛኛው አይበቅልም፤ ወራት መተኛት ይፈልጋል። በገንና ማብቂያ የለቀማችሁትን በጨርቅ ከረጢት፣ ደረቅ ቦታ አስቀምጡና ለሚቀጥለው ዓመት ገንና አድርሱት። ሜዳውን ፈቅ ፈቅ አድርጉት፣ እንደ ጤፍ ከላይ በትኑት፣ በጥልቀት አትቅበሩት። የተቆረጠ እሾህ ጣል ጣል አድርጉበት፤ ዘሩን ነፋስ እንዳይወስደው ይይዛል፣ ፍየሏንም ያርቃል። በመጀመሪያው ወቅት ከብት አታስገቡ። በሁለተኛው ሣሩ ፍሬውን ከጣለ በኋላ ጥጆቹ ይግቡ።